ማሽኑ ይጮሃል፤ የትኛው ብረት እንደሆነ ግን አይናገርም

ከ2 ሳምንት በፊት እዚህ መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ለጥፌ ነበር። የምላሾቹ ክር ረዘመ። አዲስ የሚገባ ሰው ከመሀል እየጀመረ ይደናገራል። ስለዚህ ጥያቄውንም ምላሾቹንም በራሴ አነጋገር በተራቸው ላስቀምጥ። ቁጥሮቹ የምላሾቹ ተራ ቁጥሮች ናቸው።

መነሻው

ደሴ ፊዚክስ አስተምራለሁ። የእህቴ ልጅ ኮምቦልቻ ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት በሚገዛ አንድ ግቢ ሚዛን ላይ ይሠራል። ግቢው ጨረር ሲያገኝ የሚጮህ፣ በእጅ የሚያዝ ጋይገር ቆጣሪ አለው። አንድ ቀን ብረት የጫነ አይሱዙ ሲገባ ቆጣሪው መጮህ ጀመረ። በቀኝም በግራም ቢዞሩ ይጮሃል። የትኛው ብረት እንደሚያስጮኸው ግን አይናገርም። ልጆቹ መኪናው ላይ ወጡና ብረቱን አንድ በአንድ በእጃቸው አወረዱት። 5 ሰዓት ፈጀ። ጓንት የነበረው አንዱ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የተገኘው ከአሮጌ ምድጃ ከነቆርቆሮው የተነቀለ፣ እሳት የሚችል ጡብ ነበር። ተጠርተው የመጡት ባለሙያዎች ጨረሩን የሚሰጡት ቶሪየምና ዩራኒየም ጡቡ ከተሠራበት አፈር የመጣ እንደሆነ፣ በዚያ መጠን እንደማያሰጋም ነገሯቸው። ተመስገን። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ያ ልጅ አቅፎ ያወረደው ጡብ ባይሆንስ ኖሮ?

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ሆስፒታሎች ሰው ሰውነት ውስጥ ያለውን ጨረር በምስል የሚያሳይ ጋማ ካሜራ አላቸው። ለብረት ግቢስ ጨረሩ ከየት እንደሚመጣ የሚያሳይ ምስል ለምን አይኖርም? ጩኸት ብቻውን አይበቃም አልኩ። አሁንም የምለው ይህንኑ ነው።

ምላሾቹ

1. የመጀመሪያው መላሽ ኮምቦልቻ ብየዳ ቤት ያለው ሰው ነው። መምህር ብሎ ሰላምታ አቀረበ። ለልጁ እንኳን አላህ አተረፈው አለ። ከዚያ ብዙዎች ሊጠይቁት የፈለጉትን ጠየቀ። ቆጣሪውና ካሜራው ልዩነታቸው ምንድን ነው?

2. ይህን የመለሱት ደሴ ተወልደው አዲስ አበባ በሕክምና ፊዚክስ የሚሠሩ ባለሙያ ናቸው። ምላሻቸው ረጅም ነው፤ እኔም ለተማሪዎቼ ገልብጬዋለሁ። ጋይገር ቆጣሪ ውስጡ ጋዝ ያለበት ቱቦ ነው። ጨረር ሲገባበት አንድ ጊዜ ጠቅ ይላል። ከየት አቅጣጫ እንደመጣና ጉልበቱ ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም። ጋማ ጨረር ላይ ደግሞ ደካማ ነው። ቱቦውን ከሚያቋርጡት 100 ውስጥ አንዱን ገደማ ነው የሚይዘው።

ጋማ ካሜራውን እ.ኤ.አ. በ1957 ካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ውስጥ የሠራው ሀል አንገር ነው። ፊት ለፊቱ ብዙ ሺህ ቀዳዳ ያለው፣ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ሰሌዳ አለ። ባለሙያው ይህን ከመቃ እስር ጋር አመሳስለውታል። መቃዎችን አንድ ላይ አስሮ በቀዳዳቸው የሚያይ ሰው የሚታየው ቀጥ ብሎ የመጣው ብርሃን ብቻ ነው። በጎን የመጣው ግድግዳው ላይ ይቀራል። ከእርሳሱ ኋላ የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታል አለ። ጋማ ሲመታው ብልጭ ይላል። ከክሪስታሉ ኋላ የተደረደሩት ቱቦዎች ብልጭታውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣሉ። ለብልጭታው የቀረበው ቱቦ ብዙ፣ የራቀው ጥቂት ያያል። ማሽኑ ያንን አመዛዝኖ ቦታውን በነጥብ ያስቀምጣል። ነጥቡ ሲጠራቀም ምስል ይሆናል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ከ10,000 ጨረር እርሳሱን የሚያልፈው አንዱ ገደማ ነው። ለዚህ ነው ታማሚው ሳይንቀሳቀስ ረጅም ደቂቃ የሚተኛው።

3. አንዲት የደሴ፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈር እህት የራሷን ጻፈች። ይህን ሳነብ ልቤ ተነካ። ታላቅ እህቷ ታማ አጥንቷን ለመታየት አዲስ አበባ ወስዳት ነበር። በሐረጎ ወርደው፣ በከሚሴ፣ በጣርማ በር አድርገው ቀኑን ሙሉ ተጓዙ። ጠዋት 3 ሰዓት ጨረር ያለውን መድኃኒት በደም ሥሯ ሰጧትና ውሃ እየጠጣሽ 6 ሰዓት ተመለሺ አሏት። መጀመሪያ ጠቅ ጠቅ የሚል ነገር ሊኖር ነው ብለው ፈርተው ነበር። ማሽኑ ግን ዝም ያለ ነው። ስክሪኑ ላይ ነጥብ በነጥብ የጎድን አጥንቷ ሲወጣ እህትየዋ አለቀሰች። የዚያን ዕለት ሕፃን ልጇን እንዳታቅፍ ተነግሯት ስለነበር ማታ ልጁ በር ላይ ቆሞ ያለቅስ ነበር። ከዚያ በኋላ ተሽሏታል፣ አልሐምዱሊላህ ብላለች።

4. ሁለት መስመር ብቻ ነው። እግዜር ጨርሶ ይማራት ካለ በኋላ፣ ይህ ማሽን ደሴ ቢመጣ ምን ይቸግራል ሲል ጠየቀ።

5. የሕክምና ፊዚክሱ ባለሙያ ተመለሱ። ካሜራው ብቻ ቢመጣ አይበቃም አሉ። ለአጥንቱ የሚሰጠው ጨረር ሰጪ ቴክኒሺየም 99ኤም ግማሽ ዕድሜው፣ ማለትም ግማሹ ፈርሶ እስኪያልቅ የሚፈጀው ጊዜ፣ 6 ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 10 ሰዓት መንገድ ላይ ከቆየ የሚደርሰው ሲሶው ገደማ ነው። በ24 ሰዓት ደግሞ ከ16 እጅ 1 እጅ ይቀራል። ስለዚህ የሚጓጓዘው እየፈረሰች ወደ ቴክኒሺየም የምትለወጠው እናቱ ሞሊብደነም 99 ናት፤ የእሷ ግማሽ ዕድሜ 66 ሰዓት ነው። በእርሳስ ታሽጋ ትመጣለች፣ ጠዋት ጠዋት ቴክኒሺየሙ ከእሷ ይወሰዳል። ባለሙያዎቹ ዕቃዋን ላም ይሏታል፣ ሥራውንም ማለብ። አንዷ ላም ሳምንት ያህል ትታለባለች። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ስላለ የማይቻል አይደለም ብለው ተስፋ ሰጡን። ዋናው በየሳምንቱ ሳይቋረጥ መምጣቷና የሚያልባት የሠለጠነ ሰው መኖሩ ነው።

6. እዚህ ላይ እኔ ታረምኩ። ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ የሚያስተምር ሰው ነው፤ በትህትና ግን በግልጽ ነገረኝ። የሆስፒታሉ ካሜራ ለብረት ግቢ አይሆንም። የተሠራው ለቴክኒሺየም 140 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ይህ የጨረር ጉልበት መለኪያ ነው። ያንን ግማሽ ለማስቀረት 0.3 ሚሊ ሜትር እርሳስ ይበቃል። ብረት ውስጥ የሚፈራው ሲዚየም 137 ግን 662 ነው፤ ግማሹን ለማስቀረት 6 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ እርሳስ ይፈልጋል። የኮባልት 60 ጨረሮች 1173 እና 1332 ናቸው፤ ለእነሱ 12 ሚሊ ሜትር። የካሜራው ስስ የእርሳስ ግድግዳ ለእነዚህ እንደ ወረቀት ነው። በሁሉም በኩል ያልፋሉ፣ ምስሉም ጭጋግ ይሆናል።

ለዚህ ሌሎች ዘዴዎች አሉ ብሎ ሁለቱን አስረዳ። አንደኛው ቀዳዳዎቹ በታወቀ ሥርዓት የተዘበራረቁ ወፍራም ሰሌዳ ነው። ወንፊት ፀሐይ ላይ ሲያዝ መሬት ላይ ጥላ ይጥላል፤ ፀሐይዋ ስትዞር ጥላው ይዞራል። የጥላውን ቅርፅ አይቶ የፀሐይዋን ቦታ ማስላት ይቻላል። ሁለተኛው የኮምፕተን ካሜራ ነው። ጋማው መጀመሪያ አንዱን ክሪስታል ነክቶ ይጠመዘዛል፣ ሁለተኛው ውስጥ ይቀራል። በሁለቱ ላይ የጣለው ጉልበት ሲታወቅ ከየትኛው አቅጣጫ እንደመጣ ይጠበባል። ሁለቱም ዘዴዎች ሳተላይት ላይ ተጭነው የሰማይ ጋማ ጨረር የታየባቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ2011ዱ የጃፓን፣ ፉኩሺማ የኑክሌር አደጋ በኋላ ደግሞ ሲዚየም የት እንደተጠራቀመ ለማየት አገልግለዋል። ስለዚህ ምኞትዎ ትክክል ነው፣ የመረጡት ማሽን ግን ስህተት ነው አለኝ። ተቀብያለሁ።

7. እስከዚህ ድረስ ሁሉም እርስዎ ይባባል ነበር። ይህኛው አንተ ብሎ ጀመረ። ልጆች ባዶ እጃቸውን ብረት ሲያወርዱ ዝም ብለህ አሁን ስለ ካሜራ ታወራለህ ሲል ወቀሰኝ። ብራዚል፣ ጎያኒያን አስታወሰ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሁለት ሰዎች ከተተወ ሕክምና ቤት የጨረር ማሽን ፈትተው ለቁርጥራጭ ነጋዴ ሸጡ። ውስጡ የነበረው ሲዚየም በጨለማ ሰማያዊ ያበራ ስለነበር ሰዎች እንደ ጌጥ ተካፈሉት። 4 ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የ6 ዓመት ልጅ ናት። 249 ሰዎች ተበከሉ፣ ከ112,000 በላይ ተመረመሩ። ሜክሲኮ፣ ሁዋሬዝ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1983 ኮባልት ከቁርጥራጭ ጋር ቀለጠና የሕንፃ ብረት ሆነ። የታወቀው ያንን ብረት የጫነ መኪና አሜሪካ ውስጥ ሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ በር ላይ ማስጠንቀቂያ ስላስጮኸ ነው። ማሽን ከጮኸ ሰው ይራቅ፣ መኪናው ይታጠር፣ የጨረራ መከላከያ መሥሪያ ቤት ይጠራ። ሌላው ወሬ ነው ብሎ ዘጋ።

አነጋገሩ ጎመዘዘኝ። ነገሩ ግን እውነት ነው። የእህቴን ልጅ ያን ዕለት አንድም አልጠየቅኩትም፤ የሰማሁት ከሳምንት በኋላ ነው። ቀድሜ ብሰማም ምን እንደምለው አላውቅም ነበር።

8. ብየዳው ወንድማችን ተቆጣ። ወሎ ላይ መምህር አንተ አይባልም አለ። ከዚያ ቁጣውን ትቶ አዲስ ነገር አመጣ። ለአርጎን ብየዳ የሚጠቀምባቸው ጫፋቸው ቀይ የሆኑ የተንግስተን ዘንጎች ቶሪየም አለባቸው ሲባል ሰምቶ ነበር። የግቢው ልጆች ቆጣሪውን ይዘው ሲመጡ አስጠጋቸው፣ ጮኸ። ልጣላቸው ወይ ብሎ ጠየቀ። 6ኛው መላሽ እዚያው ሥር መለሰለት። 2 ከመቶ ቶሪየም አላቸው፤ መያዝ አይጎዳም። የሚጎዳው ሲሞረዱ የሚነሳው ብናኝ ሳንባ ሲገባ ነው። አፍንጫን ሸፍኖ፣ አቧራው ሳይበተን መሞረድ ነው። ሲያልቁ ቶሪየም የሌላቸውን መግዛት ነው።

9. አንድ አዛውንት ስለ ማሾ ፋኖስ ጻፉ። ድሮ ሰርግ ቤት የሚንጠለጠለውን ማሾ ታስታውሳላችሁ? እሳቱ ላይ የምትታሰረዋ ነጭ ጨርቅ ቶሪየም የተነከረች ነበረች፤ ያን ያህል የምታበራው ለዚያ ነው። ቤታቸው እስካሁን ያልተከፈተች አንዲት አለች። ከዚያ ስለ ሰኞ ገበያ ማሾ ሻጮች፣ ስለ ድሮ ሰርግ ብዙ ተወራ። 4 ምላሽ በዚህ ሄደ። እነሱን እዘላቸዋለሁ።

14. ሌላ ሰው ሁላችንንም አስደነገጠ። ቆጣሪው ኮምቦልቻ ከሚለው ይልቅ ደሴ ላይ በዛ ያለ ይቆጥራል፤ ጦርነቱ የተወብን ነገር አለ ሲል ጻፈ። ብዙ ሰው በድንጋጤ ተቀባበለው።

15. 6ኛው መላሽ ጠንከር ብሎ ቆመ። ሰው አታስደንግጡ አለ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን ያለው አየር ይሳሳል፣ ከጠፈር የሚመጣው ጨረርም ይበዛል። አለቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ስንት ደቂቃ ቆጠርክ ሲል ጠየቀ። በ1 ደቂቃ 20 የቆጠረ መሣሪያ በሚቀጥለው ደቂቃ 15 ወይም 25 ቢል ምንም አዲስ ነገር አልተፈጠረም። የስህተቱ መጠን የቆጠራው ካሬ ሥር ነው። 100 ከተቆጠረ 10 ከመቶ፣ 10,000 ከተቆጠረ 1 ከመቶ። በደቂቃ 20 እየቆጠሩ 10,000 ለመድረስ ከ8 ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ይህን ለክፍሌ በሳንቲም ውርወራ አሳይቻቸዋለሁ። ከመጽሐፉ ሲነበብ ያልገባቸው በአንድ ክፍለ ጊዜ ገባቸው።

16. አንዲት የባቲ ሴት ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ጨውስ ይጮሃል ወይ አለች። አይጮህም ተባለች። ጨው ሶዲየም ነው። ጨረር ያለው ፖታሲየም ነው፤ ዳሎል ያለው ፖታሽ ቢለካ ይጮህ ነበር። እኛም ውስጥ አለ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሰውነት ውስጥ በየሰከንዱ 4,000 ያህል የፖታሲየም 40 አቶሞች ይፈርሳሉ፤ ይኸውም 4,000 ቤኬሬል ማለት ነው። ሙዝ ብቻዋን 15 ገደማ አላት። ሴትየዋ ደነገጠች። ሰው ከተፈጠረ ጀምሮ አብሮን የኖረ ነው ብለን አረጋጋናት።

17. በከባድ መኪና ሹፌርነት የኖሩ ሰው የአሮጌ ወታደራዊ መኪና ዳሽቦርድ አነሱ። ሌሊት ያበሩ የነበሩት ቁጥሮች በራዲየም ቀለም የተጻፉ ናቸው። አሁን አያበሩም፤ ብርሃን ሰጪው ቅመም ስላረጀ ነው። ራዲየሙ ግን ግማሽ ዕድሜው 1,600 ዓመት ነው፤ እዚያው አለ። በአካባቢያችን የተቃጠለ ተሽከርካሪ ስንት ቁርጥራጭ ግቢ እንደገባ ሁላችንም አይተናል። ለእኔ ከክሩ ሁሉ ለእህቴ ልጅ ወዲያው ደውዬ የነገርኩት ይህን ነው። ዳሽቦርድ በመዶሻ እንዳትሰብሩ አልኩት።

18. አንድ የኮምቦልቻ ተማሪ ክሩን ወደ ጥያቄዬ መለሰው። ልጁን አላውቀውም፣ ግን ኮራሁበት። ከአንገር ካሜራ በፊት ሰዎች እንዴት ምስል ያነሱ ነበር ብሎ ፈልጎ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ቤኔዲክት ካሰን አንድ ክሪስታል ብቻ፣ ከፊቱ እርሳስ አድርጎ፣ በሞተር መስመር በመስመር እያንቀሳቀሰ እንቅርትን ይሥል ነበር። ታማሚው አዮዲን 131 ጠጥቶ ይተኛል። መሣሪያው ባለበት ቦታ ሁሉ የቆጠረውን ወረቀት ላይ ነጥብ ያደርጋል። እንቅርት ለእኛ ሀገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ይህን አነበበ። ተማሪው እኛም ቆጣሪውን እርሳስ ውስጥ ከተን፣ አንድ ቀዳዳ ትተን፣ ካሬ በካሬ ብንለካ ምስል እንሠራለን አለ። እርሳሱን ከአሮጌ የመኪና ባትሪ አቅልጦ ሊያወጣ ነበር።

19. 7ኛው መላሽ ተመልሶ ጮኸበት። ባትሪ አታቅልጥ! የእርሳስ ጭስ ሰፈር ውስጥ ያሉ ሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፣ አሲዱም ያቃጥላል። ካወቅከው የጨረር ምንጭ በቀር ምንም ነገር አጠገብ አትሂድ። ልጁ ይቅርታ ጠይቆ አመሰገነው። 7ኛውም ከዚያ በኋላ ለዘብ አለ፤ እንዲያውም ጨረራ መከላከያ ዛሬ በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥር መሆኑን አርሞ ጻፈ። መቆጣቱ ከክፋት እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ።

20. ብየዳው መፍትሔ አመጣ። ጎሚስታ ቤት የተጠራቀመ የጎማ ባላንስ እርሳስ አለ። ማቅለጥ አያስፈልግም፤ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ቆጣሪውን መሀል አድርጎ ዙሪያውን መጠቅጠቅ ነው። ጓንት ማድረግ፣ ሲጨርሱ እጅ መታጠብ። ቀይ ዘንጎቹንም እኔ እሰጣለሁ አለ።

21. የሕክምና ፊዚክሱ ባለሙያ ሁለት ማሳሰቢያ ጨመሩ። ዘንጎቹ ቤታ ጨረርም ስላላቸው ግማሽ ሳንቲ ሜትር አሉሚኒየም ይከልላቸው፤ አለበለዚያ የምታዩት የጋማ ምስል አይደለም። ቶሪየም ሲፈርስ ከሚተካው ዘሩ የሚወጣው ጠንካራው ጋማ 2,615 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ስለሆነ ደግሞ እርሳሱ ከሲዚየሙ ከእጥፍ በላይ መወፈር አለበት። ስለዚህ ምስሉ እንደሚደበዝዝ ከአሁኑ እወቁት። ሁለተኛው መጠንን ይመለከታል። ምስል ቦታን ያሳያል እንጂ ቤኬሬልን በራሱ አይናገርም። መጠን ለማወቅ ቤኬሬሉ የታወቀ ምንጭ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ርቀት፣ ለዚያው ደቂቃ ይለካል። ምንጭ በሌለበት የተቆጠረው ከሁለቱም ይቀነሳል። ከዚያ ይነጻጸራሉ። ርቀቱ እጥፍ ከሆነ ቆጠራው ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በመሀል ብረት ካለም የሚውጠው ይታሰባል። የመኪና ጭነት ላይ ስህተት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ከብረት ክምር ሥር ያለ ብርቱ ምንጭ ላይ ላይ ያለ ደካማ ምንጭ መስሎ ይታያል። ይህን ለእህቴ ልጅ ግቢ ኃላፊዎች አትሜ ልኬላቸዋለሁ።

22. የግቢው ልጆች መልስ ሰጡ። አሁን መሬት ላይ ቢጫ መስመር ተቀብቷል። መኪና ካስጮኸ እዚያ ይቆማል፣ ሾፌሩ ይወርዳል፣ ማንም ጭነቱ ላይ አይወጣም።

23. የመጨረሻው የተማሪው ነው። ቅዳሜ ብየዳ ቤቱ ውስጥ ሠሩት። ጠረጴዛ ላይ 25 ካሬ ሠመሩ። ብየዳው 10 ዘንጎችን አንዱ ካሬ ሥር፣ ከአሉሚኒየሙ በታች ደበቀ፤ ተማሪው የት እንደሆነ አላየም። እያንዳንዱ ካሬ ላይ 5 ደቂቃ ቆጠሩ፤ ከ2 ሰዓት በላይ ፈጀ። ከዚያ ብዙ የተቆጠረበትን ካሬ በመጻፊያ እርሳስ አጠቆሩት፣ ጥቂት የተቆጠረበትን ነጭ ተዉት። የወረቀቱን ፎቶ ለጥፏል። ዙሪያው ያሉ ካሬዎች ግራጫ ናቸው፣ ባለሙያው እንዳሉት ደብዝዟል። በጣም የጠቆረው ከላይ 4ኛው ረድፍ፣ ከግራ 2ኛው ነው። ብየዳው አሉሚኒየሙን ሲያነሳ ዘንጎቹ እዚያው ነበሩ።